ወረቀት ፋብሪካን ከዝፍት የገላገለ ኢንዛይም

ጥድ የፈለጠ ሰው እጁ ላይ የቀረውን ሙጫ በውኃ ብቻ እንደማያስለቅቀው ያውቃል። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ መዘዙ ከዚህ ይብሳል። እንጨቱ ተፈጭቶ ፐልፕ ሲሆን ሙጫውና ስቡ በጥቃቅን ጠብታ ይወጣሉ፤ ጠብታዎቹ ተገናኝተው ቡናማ ዝፍት ይሆኑና ሮለር ላይ ይለጠፋሉ፣ የወንፊቱን ቀዳዳ ይደፍናሉ። በደቂቃ 1,000 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሮጥ የጋዜጣ ወረቀት ከሮለሩ ላይ እንዲህ ያለ ቁራጭ ሲያጋጥመው ይበሳል፣ አለዚያም ይበጠሳል። ያኔ ማሽኑ ቆሞ ሮለሩ ይፈገፈጋል።

የጃፓን ቀይ ጥድ ስቡ ብዙ ነው። የአገሩ ፋብሪካዎች የኖሩበት መላ ግንዱን ለወራት ግቢ ውስጥ ከምሮ ማቆየት ነበር፤ ስቡ በጊዜ ብዛት በራሱ ይፈራርሳል። ይሁንና ገንዘብም ቦታም ይታሰራል፣ የእንጨቱም ንጣት ይቀንሳል። የታልክ ዱቄትም ይጨመር ነበር፤ ታልክ ግን ዝፍቱን በላዩ ይሰበስባል እንጂ አያፈርሰውም።

የጃፓኑ የጁጆ ወረቀት ኩባንያ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ ዋናው ጥፋተኛ ትራይግሊሰራይድ ሆኖ ተገኘ፤ የምግብ ዘይት የተሠራበት ያው የስብ ዓይነት ማለት ነው። የስብ ፈቺው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ላይፔዝ። ሆዳችን ውስጥ ቅባት የሚፈጨው፣ በልብስ ሳሙና ውስጥም ገብቶ የዘይት እድፍ የሚያስለቅቀው ይኸው የኢንዛይም ዓይነት ነው። በዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ የተመረተው ላይፔዝ ከ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በጁጆ ፋብሪካ ሥራ ላይ ዋለ።

ኢንዛይሙ ፐልፑ ውስጥ ተጨምሮ ሲብላላ ስቡን ወደ ግሊሰሮልና ወደ ፋቲ አሲድ ይከፋፍለዋል። ግሊሰሮሉ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ብዙዎች የሚዘነጉት ፋቲ አሲዱን ነው፤ ስቡ ተቆረጠ እንጂ ከፋብሪካው አልወጣም። ፋቲ አሲዱን የእንጨቱ ቃጫ ላይ የሚያስረው አሉሚኒየም ሰልፌት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ ማሰር ካልተስተካከለ ኢንዛይሙን መጨመር ግማሽ ሥራ ነው።

ላይፔዝ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ሥራውን ያቆማል። እንጨትም ይመርጣል። እኛ አገር በብዛት የምናውቀው ባሕር ዛፍ ዝፍቱ በአብዛኛው ከስቴሮልና ከውሁዶቹ የሚመጣ ነው፤ ለእሱ ላኬዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ተሞክሯል። የባሕር ዛፍ ፐልፕ የሚሠራ ፋብሪካ ለጥድ የተዘጋጀውን ላይፔዝ ብቻ ገዝቶ ቢጨምር ገንዘቡን ያባክናል።