በእጅ ፎከስ ስለ ማድረግና ስለ ካሜራ ስክሪን

ፎቶግራፍ ለማንሣት ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃል የሚል ሰው ብዙ ነው። ካሜራው ራሱ ፎከሱን በሚያገኝበት ጊዜ ይህ አባባል ከእውነት አይርቅም። ነገር ግን ሌንሱ በእጅ የሚዞር የድሮ ሌንስ የሆነ እንደ ሆነ፥ ምስሉ መጥራቱንና አለመጥራቱን የሚለየው የአንሺው ዓይን ብቻ ነው። እኔም አጎቴ ከፊልም ካሜራቸው ያተረፉትን ሱፐር ታኩማር የተባለ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በካኖን 60ዲ ዲጂታል ካሜራ ላይ አድርጌ መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ የተረዳሁትን፥ ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የካሜራውን አሠራር እንመልከት። በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ አጋድሎ የተቀመጠ መስተዋት ላይ ያርፋል። መስተዋቱም ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ፥ ፎከሲንግ ስክሪን በሚባል ደብዛዛ ገጽ ባለው ስስ ሰሌዳ ላይ ምስል ይሥላል። ከስክሪኑ በላይ ያለው ፔንታፕሪዝም ምስሉን አቅንቶ ወደ ዓይናችን ያደርሰዋል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ይነሣና ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ኋላ ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። እንግዲህ ዓይናችን የሚያየው በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እንጂ ሴንሰሩ የሚቀበለውን አይደለም። ሁለቱ አንድ ሊሆኑ የሚችሉት ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ስክሪኑ ያለው የብርሃን መንገድ፥ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ካለው መንገድ ጋር እኩል ሲሆን ነው። የካኖን ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ለታኩማር ዓይነት ሌንሶች የሚያስፈልገው ርቀት 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ሌንስ በስስ ቀለበት አማካይነት በዛሬው ካሜራ ላይ ሊሠራ የቻለው በዚሁ ትንሽ ልዩነት ምክንያት ነው።

በፊልም ዘመን ስክሪን የታወቀ ዕቃ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ኤፍ ስክሪኑ እንደ ሥራው ዓይነት የሚለዋወጥ ነበር። በብዙዎቹ ካሜራዎች ስክሪን መካከል ለሁለት የተከፈለ ክብ ይገኝ ነበር፤ ፎከሱ ሲሳሳት በክቡ ውስጥ ያለው ቀጥ ያለ መስመር የተሰበረ ይመስላል፥ ፎከሱ ሲገጥም ግን መስመሩ ይጋጠማል። ካሜራው በራሱ ፎከስ የሚያደርግበት ዘመን ከ1985 እ.ኤ.አ. ከሚኖልታ 7000 ጀምሮ ሲስፋፋ ግን ነገሩ ተለወጠ። መስተዋቱ የብርሃኑን ከፊል ለፎከስ መለኪያው ወደ ታች ስለሚያሳልፍ፥ ለዓይን የሚተርፈው ብርሃን አነሰ። ቀዳዳቸው ጠበብ ያለ ዙም ሌንሶችም በዙ። ስለዚህ ሠሪዎቹ መመልከቻው እንዳይጨልም ብለው ብርሃንን እምብዛም የማይበትን ብሩህ ስክሪን አደረጉ።

የዚህ ብሩህነት ዋጋ ምንድር ነው? ቢባል፥ ብርሃንን የማይበትን ስክሪን ከሰፊ ሌንስ ጠርዝ የሚመጣውን ጨረር ወደ ዓይን አያደርሰውም። ሌንሱ እስከ ኤፍ 1.4 ቢከፈትም ዓይን የሚያየው ኤፍ 2.8 ግድም እንደ ሆነ አድርጎ ነው። ይህንንም ማንም ሊፈትነው ይችላል። በመመልከቻው እያየሁ የሌንሱን ቀዳዳ ከ1.4 ወደ 2 ሳጠብበው፥ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ በዓይኔ ግን ለውጡ አይታወቀኝም።

ጉዳቱን በቁጥር ላስረዳ። በ60ዲ መጠን ባለው ሴንሰር 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ1 ሜትር ርቀት ላይ በኤፍ 1.4 ሲያነሣ፥ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በኤፍ 2.8 ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ዓይኔ አራቱን ሁሉ ጥርት ያለ አድርጎ ሲያየው፥ ሴንሰሩ የሚቀርጸው ሁለቱን ብቻ ነው። አያቴ የፍላሽ ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያስቸግራቸው በመስኮት ብርሃን ብቻ አነሣቸዋለሁ፤ ቀዳዳውን ሰፊ ማድረግም ግድ ይሆናል። የ2 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ከዓይናቸው አንሥቶ ጆሮ ግንዳቸውን ያጠራል። ዕድሜአቸውም ገፍቷልና ብዙ ጊዜ እያስቀመጡ ደጋግሞ ማንሣት አይቻልም። ለቤተ ሰቡ የሚቀረው ፎቶግራፍ ዓይናቸው የጠራው መሆን አለበት።

መፍትሔው ስክሪኑን መለወጥ ነው። ለ60ዲ ኢኤፍ-ኤስ የተባለ ስክሪን ተሠርቶለታል፤ ብርሃንን የበለጠ ስለሚበትን ጥልቀቱን በትክክል ያሳያል። ነገር ግን በኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ በሰፋ ሌንስ ካልሆነ መመልከቻው ይጨልማል። ለሁለት የተከፈለ ክብ ያለበትም ስክሪን አለ፤ እርሱም በኤፍ 5.6 ግድምና ከዚያ በጠበበ ሌንስ አንደኛው ግማሹ ይጠቁራል፥ የብርሃን መለኪያውንም በመካከሉ ሊያሳስት ይችላል። ሁሉም ካሜራ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ለምሳሌ ካኖን 7ዲና 5ዲ ማርክ 3 ባለቤቱ ስክሪን እንዲለውጥባቸው ሆነው አልተሠሩም። የሚለውጥ ሰው ሰሌዳው በቀላሉ የሚጫር ፕላስቲክ መሆኑን አይርሳ፤ በጣት አይነካ፥ አቧራውን በአየር መንፊያ ብቻ ያራግፍ። ከለወጠም በኋላ የብርሃን ልኩ እንዳይዛባ በካሜራው ማውጫ ውስጥ የስክሪኑን ዓይነት ያመልክት።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በነጻ የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ በመመልከቻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዘውር እያዞሩ በስክሪኑ ላይ ያሉት ምልክቶች ጥርት ብለው እስኪታዩ ድረስ ለዓይን ማስተካከል ነው፤ መነጽር ለሚያደርጉ ይልቁንም ይጠቅማል። ሁለተኛ፥ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ ማስመሪያን አጋድሞ በማስቀመጥ፥ በአንዱ ቁጥር ላይ በመመልከቻው ፎከስ እያደረጉ ደጋግሞ ማንሣት ነው። የጠራው ቦታ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ወደ ፊት ብቻ ወይም ወደ ኋላ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የስክሪኑ ከፍታ ነውና በስስ ማስደገፊያ ይታረማል፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ከሆነ ግን ዓይን በቂ ልዩነት አላየም ማለት ነው፤ የተሻለ ስክሪን የሚረዳውም ይህን ሰው ነው። ሦስተኛ፥ የሚነሣው የማይንቀሳቀስ ሲሆን፥ በካሜራው ጀርባ ያለውን ምስል 10 እጥፍ አጉልቶ ፎከስ ማድረግ ነው። ያ ምስል ከራሱ ከሴንሰሩ የሚመጣ ስለሆነ የስክሪኑ ስሕተት አይነካውም።

እኔ አያቴን በማነሣበት ጊዜ በዚህ በሦስተኛው መንገድ እጠቀማለሁ። ታናናሾቼ በግቢ ሲሯሯጡ ግን በካሜራው ጀርባ እያጎሉ መከተል አይቻልምና፥ ለዚያ አዲሱን ስክሪን ለመግዛት ገንዘብ በማጠራቀም ላይ ነኝ።