ፒክልቦል ለጀማሪዎች፦ የሜዳው ልክ፣ መሠረታዊ ሕጎችና የደኅንነት ጥንቃቄዎች

ፒክልቦል የሜዳ ቴኒስን፣ የባድሜንተንንና የጠረጴዛ ቴኒስን ባሕርያት አጣምሮ የያዘ፣ በሁለት ወይም በአራት ተጫዋቾች መካከል የሚካሄድ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በቤይንብሪጅ ደሴት፣ በጆኤል ፕሪቻርድ፣ በቢል ቤልና በባርኒ ማካለም ተጀመረ። መነሻው የቤተሰብ መዝናኛ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች የተጠቀሙት አንድ የባድሜንተን ሜዳ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ነበር።

ስፖርቱ ወጣቶችና አረጋውያን በአንድ ሜዳ አብረው እንዲጫወቱ የሚያስችለው የጉልበትንና የፍጥነትን ብልጫ የሚገድቡ ሁለት ሕጎች ስላሉት ነው። እነርሱም የሁለት ንጥረት ሕግና የኩሽና ሕግ ናቸው። ጀማሪዎች ከማናቸውም የአመታት ስልት አስቀድመው እነዚህን ሊያውቁ ይገባል።

የሜዳው ልክና የመጫወቻ ቁሳቁስ

ሜዳው 13.41 ሜትር ርዝመትና 6.10 ሜትር ስፋት አለው። ልኩ ከባድሜንተን የጥንድ ሜዳ ጋር እኩል በመሆኑ፣ የባድሜንተን ሜዳ ባለበት የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራ ተጨማሪ መስመሮችን በማስመር መጫወት ይቻላል። ለዚህም አስቀድሞ የማዘውተሪያውን አስተዳደር ማስፈቀድ ያስፈልጋል። መረቡ በዳር 91፣ በመካከል 86 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ከመረቡ በሁለቱም በኩል 2.13 ሜትር ስፋት ያለው ክልል ይሰመራል፤ ተጫዋቾች ይህን ክልል «ኩሽና» ይሉታል።

የጨዋታው አካሄድ

1. ሰርቭ፦ ሰርቭ የሚያደርገው ተጫዋች ከኋላ መስመር ውጭ ቆሞ፣ ኳሷን ከወገቡ በታች፣ ከታች ወደ ላይ በሚሄድ ምት በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ሜዳ ይልካል። ኳሷ ኩሽናውንና መስመሩን አልፋ ማረፍ አለባት። የሚፈቀደው ሙከራ አንድ ብቻ ነው። ለጀማሪዎች ኳሷን ከእጅ ለቅቆ ከነጠረች በኋላ መምታት ይቀላል፤ ይህም በሕጉ የተፈቀደ ነው።

2. የሁለት ንጥረት ሕግ፦ ሰርቩን የሚቀበለው ወገን ኳሷ መሬት ነክታ እስክትነጥር ይጠብቃል። ሰርቭ ያደረገው ወገንም የምላሹን ኳስ እንዲሁ አስነጥሮ ይመታል። ከዚህ በኋላ ኳሷን በአየር ላይ እንዳለች መምታት ይፈቀዳል።

3. የኩሽና ሕግ፦ በኩሽናው ውስጥ ወይም በመስመሩ ላይ ቆሞ ኳስን በአየር ላይ መምታት ጥፋት ነው። ከኩሽናው ውጭ ሆኖ የመታ ተጫዋችም በምቱ ግፊት ወደ ውስጥ ከገባ ጥፋት ይሆንበታል። የነጠረችን ኳስ ለመምታት ግን በማንኛውም ጊዜ መግባት ይቻላል።

4. የነጥብ አቆጣጠር፦ በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ወገን ብቻ ነው። ቀድሞ 11 ነጥብ የደረሰ ወገን በሁለት ነጥብ ልዩነት ከመራ ያሸንፋል። በጥንድ ጨዋታ ከሰርቭ በፊት ሦስት ቁጥሮች ይጠራሉ፤ እነርሱም ሰርቭ የሚያደርገው ወገን ነጥብ፣ የተጋጣሚው ነጥብና ተራው የ1ኛው ወይም የ2ኛው ሰርቭ አድራጊ መሆኑ ናቸው። ጨዋታው «0–0–2» ተብሎ ይጀመራል። ይህም መጀመሪያ ሰርቭ ያገኘው ወገን ብልጫ እንዳያገኝ በአንድ ሰርቭ አድራጊ ብቻ እንዲወሰን የተደረገ ነው።

የደኅንነት ጥንቃቄዎች

ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ጨዋታው ቀላል ቢመስልም መውደቅና የጡንቻ ጉዳት ሊያጋጥም ይችላል። ስለሆነም፦

• ከጨዋታ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅና የማያንሸራትት የስፖርት ጫማ ማድረግ ይገባል።
• ከራስ በላይ የምታልፍን ኳስ ወደ ኋላ እየተራመዱ መከተል ለውድቀት ያጋልጣል፤ ዞሮ መሮጥ ወይም ኳሷን መተው ይመረጣል።
• ከሌላ ሜዳ ኳስ ስትገባ ጨዋታውን ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።
• በመረብ አካባቢ ኳስ ከቅርብ ርቀት ስለምትመጣ የዓይን መከላከያ መነጽር መጠቀም ይመከራል።
• የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናት ነጥብ ሳይቆጥሩ፣ በኩሽናው መስመር ፊት ለፊት ቆመው ኳሷን በዝግታ ከመረቡ በላይ ቢቀባበሉ፣ ከዚያም ሰርቭን ቢለማመዱ ሕጎቹን በቀላሉ ይለምዳሉ።