እንሰት፦ የዕጽዋት ምደባውና ለአርሶ አደሩ ያለው ትርጉም

እንሰት ሙዝን በመምሰሉ “ሐሰተኛ ሙዝ” እየተባለ ይጠራል። ሁለቱ ተክሎች በምን እንደሚዛመዱና በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ማሳን ከበሽታ ለመጠበቅ ይረዳል።

ምደባው

እንሰት ለበርካታ ዓመታት የሚቆይ የአበባ ተክል ሲሆን፣ ሙዝንም በሚያቅፈው “ሙሳሴ” በተባለው አስተኔ ውስጥ ይመደባል። አስተኔ ተቀራራቢ ወገኖችን፣ ወገን ደግሞ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያሰባስብ የምደባ እርከን ነው። የሙዝ ወገን “ሙሳ”፣ የእንሰት ወገን “እንሴቴ” ይባላል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን በአገር ውስጥ ስሙ ገልጾታል። በ1791 ከሙዝ ወገን ተቆጥሮ “ሙሳ እንሴቴ” ተባለ። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለ ተመራማሪ ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ በ1947 ቺዝማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ይህንኑ አጸና። በአገራችን የሚለማው ዝርያ “እንሴቴ ቬንትሪኮሰም” ነው።

ልዩነታቸው

ሙዝ ፍሬ ከሰጠ በኋላ ከሥሩ በሚወጡ ችግኞች ይቀጥላል። እንሰት ግን አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና አፍርቶ ይሞታል፤ በራሱም ችግኝ አያወጣም። ስለዚህ አርሶ አደሩ የአሚቾውን እምብርት በመቁረጥ ችግኝ እንዲያቆጠቁጥ ያደርጋል። የሙዝ ጥቅም በፍሬው ሲሆን፣ የእንሰት ቆጮ፣ ቡላና ቃጫ የሚገኙት ከግንዱና ከአሚቾው ነው።

ዝምድናቸው የሚያስከትለው ሥጋት

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1968 በእንሰት፣ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መታየቱ ተዘግቧል። በሽታው የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። በመሆኑም፦

• መሐል ያሉት ለጋ ቅጠሎች ሲጠወልጉ ወይም ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ሲወጣ በሽታውን ይጠርጥሩ፤
• የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅለው፣ ቆራርጠው ይቅበሩ፤ ለከብት አይስጡ፤
• ቢላዋና ገጀራ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከማሳለፍዎ በፊት በእሳት ይለብልቡ፤
• በሽታ ከታየበት ማሳ አሚቾም ሆነ ችግኝ አይውሰዱ፤
• እንሰትና ሙዝ በአንድ ጓሮ ካለዎት ሁለቱንም ይከታተሉ።

ምልክቱን ሲያዩ ሳይዘገዩ ለቀበሌዎ የግብርና ልማት ሠራተኛ ያሳውቁ።