ከአባት ልብስ የሚሰፋ ብርድ ልብስ

 

ሰው ሲሞት ልብሱን ወዲያው ሰብስቦ ለሶደቃ ማውጣት በብዙዎቻችን ዘንድ መልካም ሥራ ነው። ሟች የቲም ልጆች ትቶ ከሄደ ግን ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ሸሚዙና ካናቴራው ሳይቀር የውርስ ንብረት ነው፤ ከቀብር ወጪ፣ ከዕዳና ከሲሶ ካልበለጠ ኑዛዜ የተረፈው የወራሾች ሐቅ ነው። የደረሱት ከድርሻቸው መለገስ ይችላሉ። ያልደረሰ ልጅ ግን አይችልም፤ አሳዳጊውም በእርሱ ስም ሊለግስበት አይፈቀድለትም። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ የሚጠብቀው ቅጣት በሱረቱ አን-ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ ተነግሯል።

ታዲያ የልጁ ድርሻ ምን ይሁን? የሚሸጥ ከሆነ ተሽጦ ለትምህርቱ ይዋል። ገዢ የማያገኘው ያረጀው ግን ብርድ ልብስ ይሆናል። እናቶቻችን ድሪቶ ሲሰፉ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው።

ልብሱ ታጥቦ ጎኑ 32 ሳንቲሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጥ። ካናቴራ ስለሚለጠጥ ከጀርባው አቡጀዲ ይደረብለት። 30 ቁራጭ 5 በ6 ሆኖ ሲገጣጠም፣ ከየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ገብቶ፣ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ80 ይወጣዋል። ይህን የእንሴኖ ልብስ ሰፊዎች በስፌት መኪና ሊሠሩት ይችላሉ።

ለጋሾች ሆይ! የአቡጀዲውንና የሰፊውን ዋጋ እኛ እንሸፍን፤ ከየቲሙ ገንዘብ አይቀነስ። ልጁ የአባቱን ሸሚዝ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ዱዓ አድርጎለት ይተኛል። አላህ ሥራችንን ይቀበለን።