የበግ መድኃኒት የልጅ መርዝ እንዳይሆን

እናቶች ሆይ፤ መዥገርና ቅማል በጉን ሲያከሳው፣ እከክም ቆዳውን ሲያበላሸው ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ከደሴ ደጋ እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ ከብት ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዲያዚኖን የሚባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በውኃ ቀጥኖ ሲረጭ ይጠቅማል። ነገር ግን ተባዩን የሚገድለው ኀይል በጉንም፣ ሰውንም ይገድላል።

በአንድ ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። አባወራው ከገበያ በጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ገዛና «ቶሎ ይግደልልኝ» ብሎ ሳያቀጥን በጉን ቀባው። በዚያው እጁ ሕፃኑን አቀፈ። ጥቂት ቆይቶ በጉ ለሃጩ ተዝረከረከ፤ ዓይኑ አነባ፤ ተቅማጥ ያዘው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሽ አጠረው። «ምች ነው» ሲባል ሞተ። ሕፃኑም ያስመልሰው ጀመር። እናቲቱ ነገሩ ስለ ገባት ልብሱን አውልቃ፣ በሳሙና አጥባ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች፤ ልጁ ተረፈ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ነርቭ ለዕጢና ለጡንቻ «ሥራ» ብሎ ካዘዘ በኋላ ትእዛዙን የሚያቆም ነገር በሰውነት አለ። ዲያዚኖንና ማላታዮን ይህን ማቆሚያ ያስሩታል። ስለዚህ ምራቁ ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ የትንፋሽ መንገዱ በፈሳሽ ይሞላል፤ ከብቱም ታፍኖ ይሞታል።

ምልክቱን ስታዩ እንዲህ አድርጉ፦

፩. ከመርዙ አርቁት። እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት።

፪. ወተት፣ ዘይት ወይም አረቄ አትጋቱት፤ ትን ብሎት ይሞታልና።

፫. የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ጥሩ፤ ጠርሙሱንም አሳዩት። ሐኪሙ አትሮፒን ይወጋዋል፤ ይህም ፈሳሹን ያደርቃል፣ ትንፋሹን ይከፍታል። መርዙን ውጦት እንደ ሆነ ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል ይሰጠዋል። ከዘገያችሁ ግን መርፌውም አያድነው።

፬. ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ ከሞተ ለሐኪሙ አስታውቁ። በሽታ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር የእንስሳት ላቦራቶሪ በኮምቦልቻ አለ።

በመርዝ የሞተ ከብት ሥጋ አይበላም፤ ለውሻም አይሰጥም፤ በጥልቅ ይቀበራል። መድኃኒት የተረጨችውን ላም ወተት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ አትጠጡ። ትራፊውን በጓሮ አትድፉ፤ ዶሮ በዲያዚኖን ቶሎ ታልቃለች። ዕቃውን በቦርከና ወንዝ አትጠቡት፤ ዓሣውን ይፈጃል፣ ከታች ያለውም ሰውና ከብት ይጠጣዋል። በባዶው ጠርሙስ ዘይትም ሆነ ውኃ አትቅዱበት።

መድኃኒቱን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። በግ ቢሞት ሌላ ይገዛል፤ ልጅ ግን አይገዛም።