ከሥራ የተሰናበተ ሰው ስለሚገባው ገንዘብና ስለ ቤተ ሰቡ

ሕመም ሲመጣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ሐዘን ሲመጣ ዕድር ድንኳን ይተክላል። ደመወዝ ሲቋረጥ ግን ሰው እፍረት ስለሚይዘው ነገሩን ከገዛ ቤቱ እንኳ ይሸሽጋል። ይህ እፍረት ደግሞ ኀዘን ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ያስከፍላል፤ ሕግ የሰጠው መብት በጊዜው ካልተጠየቀ ይቀራልና። ስለዚህ ይህን ነገር በቤተ ሰብ ዘንድ ልንመክርበት ይገባል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ገበሬው በበሬው የሚያርስ፥ የጎደለውን ጉልበትም በደቦና በወንፈል የሚያሟላ ስለሆነ፥ ከሥራ መሰናበት የሚባለው ነገር ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በደመወዝ የሚያድረው ሰው ብዙ ነው። ይልቁንም በቡሬ ትልቁ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀና የግብርና ማቀነባበሪያው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተቋቋመ ወዲህ፥ የገበሬው ልጅ ሞፈሩን ለወንድሙ ትቶ በወር ደመወዝ ትዳር መመሥረት ለምዷል። ደመወዝ ግን እንደ እርሻ መሬት አይደለም። ጥሬ ዕቃ ሲጎድል ወይም መንገድ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም ይህን ሥጋት አብዝቶታል።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለው ቀን አስቀድመው ያሰቡ መንግሥታት አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ በ1911፥ ጀርመን በ1927 ባወጡት ሕግ ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ፥ ሥራ ያጣው ሰው ለተወሰነ ጊዜ አበል እንዲቀበል አድርገዋል። በአገራችን ግን እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን አልተቋቋመም። በግል ድርጅት ከሚሠራው ሰው ደመወዝ 7 በመቶ፥ ከአሠሪውም 11 በመቶ የሚገባው መዋጮ ለጡረታ፥ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተ ሰብ የታሰበ እንጂ ሥራ ለታጣበት ወር የሚታደል አይደለም።

ይሁን እንጂ የተሰናበተው ሠራተኛ ባዶ እጁን ይሂድ ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ የሚባለውን ደንግጓል። ድርጅቱ ለዘለቄታው የተዘጋበት፥ በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ፥ ወይም ከሕግ ውጭ የተባረረ ሰው ይህን ክፍያ ያገኛል። 5 ዓመት ያገለገለም በፈቃዱ ቢለቅ፥ ከሥልጠና የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት፥ ይከፈለዋል።

ስሌቱም እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሢሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምሳሌ እናምጣ። በቀን 200 ብር እያገኘ 4 ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፥ ለቀሩት 3 ዓመታትም 6,000 ብር፥ በድምሩ 12,000 ብር አለው። የወጣው ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፥ ማለት ሌላ 12,000 ብር ይጨመርለታል። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም ቢኖር ወደ ገንዘብ ተለውጦ ይከፈላል።

የመጠየቂያው መንገድ እንዲህ ነው። ሠራተኛው በመጀመሪያ የስንብት ደብዳቤውን ምክንያቱ ተጽፎበት ይቀበል። አሠሪው ሥራውን፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ሒሳቡም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። እንቢ ቢባል በአካባቢው ወዳለው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፥ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት አቤት ይላል፤ ለዚህ ክስ ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል በ3 ወር፥ ክፍያዬ ይሰጠኝ የሚል በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። «ዛሬ ነገ» እየተባለ 6 ወር ካለፈ ሕጉ ራሱ በሩን ይዘጋል።

እንግዲህ የቤት እመቤት የባሏን የሥራ ውልና የደመወዝ ወረቀት እንደ ጋብቻ ውሏ ጠብቃ ታስቀምጥ፤ ባልም የሚስቱን እንዲሁ። የስንብቱ ወሬ በመጣ ጊዜ ሁለቱ ተቀምጠው ቀኑን ይቍጠሩ። የተገኘውንም ገንዘብ ለድግስና ለዕዳ ማስታገሻ ከመበተን በፊት ለወራት ቀለብና ለልጆች ትምህርት ይለዩ። እቍብ የገባ ሰው ሁኔታውን ለዳኛው ይግለጥ፤ ዕድሩን ግን አያቋርጥ።

በሹመት ላላችሁና ሠራተኛ ለምታስተዳድሩ አንባቢዎችም የምንለው አለን። አቤቱታ ይዞ በደጃችሁ የሚቆመው ሰው ምጽዋት ለማኝ አይደለም፤ የሠራበትን ዕዳ የሚጠይቅ ባለገንዘብ ነው። ከደጅ ያስጠናችሁት እያንዳንዱ ሳምንት ከ6 ወሩ ይቀነስበታል። በየቤታችን የምታገለግለው የቤት ሠራተኛ ደግሞ ይህ አዋጅ የማይመለከታት ስለሆነች፥ ስናሰናብታት ሕግ ያላስገደደንን ኅሊናችን ያስገድደን። ለዓመታት እንጀራችንን የጋገረች እጅ ባዶዋን ከቤታችን ብትወጣ፥ ነውሩ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነው።