ግግ፦ በወራት የሚነቀል፣ በዓመታት የሚታይ

ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚመረምረው ድዱን ነው። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ አበጥ፣ ነጣ ይላል። እኛ ግግ እንለዋለን፤ ሱዳኖች ሃይፋት። ትል ነው የሚሉም አሉ። አዋቂ ተጠርቶ በምላጭ ወይም በመርፌ ድዱን ሰንጥቆ ያወጣዋል። የወጣው ነጭ ለስላሳ ነገር ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው።

ተቅማጡ የመጣው ከጥርሱ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ሕፃኑ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡ በቀናት ውስጥ በራሱ ሲቆም ምስጋናው ለነቃዩ ይሆናል።

ከዚያ የወተት ጥርስ አጠገብ የቋሚው ክራንቻ ፍሬ ተቀምጧል። ምላጩ ከነካው ቋሚው ጥርስ ጭራሽ አይበቅልም፣ ተበላሽቶ ይበቅላል ወይም ያለ ቦታው ይወጣል። ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ የፊት ጥርሶች መሐል መስመርም ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ በግልጽ የሚታየው ቋሚው ክራንቻ በሚወጣበት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ የልጇን የተዛነፈ ጥርስ ከዚያች የሕፃንነት ቀን ጋር የምታያይዝ እናት ጥቂት ናት። ልማዱን ያቆየው ይህ የጊዜ ርቀት ይመስለኛል። መድማት፣ መመረዝና ቴታነስ ግን አሥር ዓመት አይጠብቁም።

የምሥራቅ ሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በ1977 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን በዙሪያዋ ካሉ መጠለያዎች፣ ከኡም ራኩባም ጭምር፣ የተነሡ ነበሩ። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በኋላ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን ሲመረምሩ በበርካቶቹ አፍ የክራንቻ ጉድለት አገኙ። ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦችን ዳግም ተቀብላለች።

የተዛነፈ ጥርስ ይታከማል። ሐኪሙ በራጅ የቀረውን አይቶ ሽቦ ያስራል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ክትትል ይጠይቃል። የጠፋው በሰው ሠራሽ ይተካል። በስደተኛ መጠለያ ይህን ማን ያገኛል? ከሚያዝያ 2015 ወዲህ በካርቱም ጦርነት የተፈናቀሉትም ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል።

ስለዚህ ልጅዎን ተቅማጥ ከያዘው ጡት አያቋርጡበት፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጠው እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ድዱን አያስነኩ።